ስምና ስፌት
(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት፣ በሐዋሳ የተደረገ ንግግር)



የዛሬውን አርእስት የሰሙ አንዳንድ ጓደኞቻችን፣ «አገር ስንት ከባድ ጥያቄ እያለባት እናንተ ስለ ሸሚዝ ልትናገሩ ነውን?» ሲሉ ጠይቀውናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችንም ይህ ነው፤ ሰው ገና አፉን ሳይከፍት ባልንጀራው የሚመዝነው በለበሰው ልብስ ነው። እንግዲህ ሚዛኑ የተዛባ እንደ ሆነ ጉዳቱ የሚያርፈው በልብሱ ላይ ሳይሆን በሰውየው ላይ ነው። ስለዚህ ነገሩ ቀላል መስሎ አልታየንም።

ወቀሳውን ከሌላ ሰው ሳይሆን ከራሳችን እንጀምር። ባለፈው ዓመት ከመኝታ ክፍላችን አጠገብ ከገጠር የመጣ አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ይኖር ነበር። ደረቱ ላይ የታወቀ የውጭ አገር ስም የተጻፈበት ሹራብ ነበረው፤ ስሙ ግን አንድ ፊደል ተሳስቶ ነበር። አንድ ማታ ከመካከላችን አንዱ ይህን አየና ጮክ ብሎ አነበበው፤ ሁላችንም ሳቅን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጁ በዚያ በተሳሳተ ስም ይጠራ ጀመር። በመጀመሪያ እርሱም አብሮን ሳቀ። ቀጥሎ ሹራቡን ገልብጦ መልበስ ጀመረ። በመጨረሻም ማታ ማታ አብረን ሒሳብ ከምንሠራበት ክፍል ቀረ። እኛም «ምን ነካው?» ተባባልን እንጂ ያደረግነውን ነገር አላስተዋልንም ነበር። የሳቅነው በሹራቡ ነው ብንልም የቀረው ግን ልጁ ነው።

ከዚህ በኋላ ነው፣ ለመሆኑ ያ በደረት ላይ የሚጻፈው ስም ምንድን ነው ብለን መጠየቅ የጀመርነው።

በቅድሚያ ለስሙ የሚገባውን እንስጠው። «ብራንድ ሁሉ ከንቱ ነው» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኛ ግን እንዲህ አንልም። አንድ የልብስ ድርጅት ስሙን በልብሱ ላይ ሲያኖር፣ «ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ቢበላሽ የምትወቅሱት እኔን ነው» ማለቱ ነው። የልብሱን ንድፍ የሚያወጣ፣ ጨርቁን የሚመርጥ፣ ስፌቱ በአንድ ጣት ስፋት ውስጥ ስንት ወግ እንዲኖረው የሚወስን፣ የተሰፋውንም መርምሮ የሚጥልና የሚቀበል ሰው አለ። ለዚህ ድካም ዋጋ መጠየቁ ነውር የለበትም። በአገራችንም ቢሆን የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 የወጣው፣ አንዱ በድካም ያፈራውን ስም ሌላው እንዳይነጥቀው ነው።

ይሁን እንጂ ስሙን የጻፈው ሌላ፣ ልብሱን የሰፋው ሌላ መሆኑን ከእኛ ከሐዋሳ ልጆች ይልቅ ማን ሊያውቅ ይችላል? የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 6 ቀን 2008 ዓ.ም. ተመርቆ ሲከፈት፣ ከመጡት ባለ ፋብሪካዎች ዋነኛው የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ስሞች ባለቤት የሆነው የአሜሪካው ፒ.ቪ.ኤች. ኩባንያ ነበር። ከሲዳማ ገጠርና ከአካባቢው የመጡ ብዙ ሺህ ወጣት ሴቶች በየማለዳው ወደ ፓርኩ ይጎርፉ ነበር። አንዷ እጅጌ፣ አንዷ ኮሌታ፣ አንዷ የቁልፍ ቀዳዳ ስትሰፋ ትውላለች፤ በመጨረሻም በአንገቱ ላይ ያ የተከበረው ስም ይሰፋና ሸሚዙ ባሕር ተሻግሮ ይሄዳል።

የሰፊዋስ ድርሻ ስንት ነበር? በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን የንግድ ትምህርት ቤት ሥር ያለ አንድ የጥናት ማዕከል በ2011 ዓ.ም. በሐዋሳ ላይ ባወጣው ጥናት፣ የኢትዮጵያዊቷ ልብስ ሰፊ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን፣ በኬንያ ግን 207 ዶላር መሆኑን ገልጾ ነበር። እንግዲህ አንድ ስመ ጥር ሸሚዝ በአሜሪካ ሱቅ የሚሸጥበት ዋጋ ብዙ ጊዜ ከሰፊዋ የወር ደመወዝ ይበልጥ ነበር ማለት ነው። የስሙ ዋጋ ለስሙ ባለቤት እንጂ ለመርፌዋ ባለቤት አልደረሰም።

ከዚያም በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት፣ የአፍሪቃ አገሮች ዕቃቸውን ያለ ቀረጥ እንዲያስገቡ ከሚፈቅደው ከአጎዋ ኢትዮጵያን እንደሚሰርዝ አስታወቀ። ፒ.ቪ.ኤች.ም በኅዳር ወር 2014 ዓ.ም. በፓርኩ ውስጥ ያለውን ፋብሪካውን እንደሚዘጋ ገለጸ። ስረዛውም ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ጸና። ስሙ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ዕቃውን ጠቅልሎ ሄደ። የሰፉት እጆች ግን ከነሙያቸው እዚሁ ቀሩ።

ከነዚህ እጆች አንዷ፣ ከመካከላችን የአንዱ ቤተ ሰብ ግቢ ውስጥ ቤት ተከራይታ የምትኖር ልጅ ነበረች። ሁለት ዓመት ሙሉ ኮሌታ ስትሰፋ ቆይታ ሥራዋን ካጣች በኋላ፣ በአንድ የልብስ ስፌት ቤት ተቀጥራለች። አንድ ቀን ከመካከላችን አንዱ በውድ ዋጋ የገዛውን ባለ ስም ሸሚዝ በኩራት ሲያሳያት፣ እርስዋ ስሙን ሳታይ ሸሚዙን ከእጁ ተቀብላ ገለበጠችው። «ልብስ የሚታየው በውስጡ ነው» አለችን። ከዚያም አንድ በአንድ አሳየችን። የጎን ስፌቱ ክር በመጠኑ ሲሳብ ይከፈት ነበር። የጨርቁ ጠርዝ ታጥፎ ስላልተሰፋ መተርተር ጀምሯል። መስመር ያለበት ጨርቅ ሲሰፋ የኪሱ መስመር ከደረቱ መስመር ጋር መግጠም ሲገባው፣ የዚህ ግን አንዱ ወዲያ አንዱ ወዲህ ሄዷል። ቁልፎቹም በሁለት ዙር ክር ብቻ ተይዘዋል። «ይህን የሰፋ ሰው ቸኩሏል፤ ስሙም የራሱ አይደለም» ብላ መለሰችለት። ጓደኛችን ከዚያ በኋላ ብዙ አልተናገረም።

ከእርስዋ በተማርነው መሠረት፣ በፒያሳም በገበያም ያለውን ልብስ በሦስት ከፍለን ማየት ይገባናል እንላለን። አንደኛው እውነተኛ ባለ ስም ልብስ ነው። ሁለተኛው ስም የሌለው ልብስ ነው፤ ይኸውም የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ከብትን ጨርቅ የሰፋልን ሱሪ፣ ወይም ማንም የማያውቀው ፋብሪካ የሠራው ሸሚዝ ነው። ሦስተኛው የሐሰት ስም የተለጠፈበት፣ በገበያ ቋንቋ «ፎርጅድ» የሚባለው ነው። ሰልባጁም ቢሆን ከነዚህ ከሦስቱ በአንዱ ውስጥ ይገባል፤ ለንግድ ወደ አገር ማስገባቱ በሕግ የተከለከለ መሆኑ ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ጉዳይ ነው።

የእኛ ጥፋት ሁለተኛውን ከሦስተኛው ጋር መደባለቃችን ነው። ስም የሌለው ልብስ ማንንም አላታለለም፤ ያለውን ያህል ሆኖ ይቀርባል። የሐሰት ስም ግን ለነጋዴው ትርፍ፣ ለገዢው ኪሳራ ነው። እኛ ግን ስም የሌለውን ስለምንንቅ፣ ድኻው ተማሪ ከንቀታችን ለማምለጥ ብሎ ወደ ሐሰተኛው ይሸሻል፤ በሐሰተኛው ደግሞ መልሰን እንስቅበታለን። በዚህ መካከል ቤተ ሰቡ ቡና ወይም በግ ሸጦ የላከለት ገንዘብ ያልቃል። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ሲሉ አባቶቻችን የተናገሩት እንዲህ ላለው ነገር ነው፤ ነገር ግን የሰው ወርቅ እንዲዋስ የምናስገድደው እኛው ራሳችን መሆናችንን ልንረሳ አይገባም።

ይህ ነገር በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። በጃፓን አገር በቶኪዮ ከተማ ሀራጁኩ በሚባለው ሰፈር የታወቀ፣ «ሎሊታ» የሚሉት የአለባበስ ሥርዓት አለ። ወጣት ሴቶች እንደ ጥንቱ የአውሮፓ እመቤቶች በዳንቴልና በሪባን ያጌጠ፣ ከወገብ በታች የተነፋ ቀሚስ ይለብሳሉ። «ቤቢ፣ ዘ ስታርስ ሻይን ብራይት» የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1988 የተቋቋመው ቤት የሠራው ቀሚስ በመካከላቸው እጅግ የተከበረ ነው። በዚህ አለባበስ ወዳጆች መካከልም የእኛው ክርክር አለ። አንዳንዶቹ ከታወቁት ቤቶች ያልተገዛ ቀሚስ እንደ ቀሚስ አይቆጠርም ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ስም ሳይኖረው ዳንቴሉ ጥሩ፣ ገበሩም የተሟላ ከሆነ፣ ይልቁንም ባለቤትዋ ራስዋ ከሰፋችው ያስመሰግናታል ይላሉ። የታወቀውን ቤት ንድፍ ሰርቆ የተሠራውን ግን ብዙዎቹ ይጠሉታል። እነርሱ ስም አልባውን ከሐሰተኛው ለይተው ማየታቸው ለእኛም ትምህርት ይሆነናል።

ነገር ግን ለምሳሌ እስከ ጃፓን መሄድ አያስፈልገንም። በአገራችን ከሁሉ የሚከበረው ልብስ በአንገቱ ላይ ምንም ስም የለበትም። እናቶቻችን ለበዓል የሚለብሱት የሀበሻ ቀሚስ፣ የሚደርቡትም ነጠላ የማን ሥራ እንደ ሆነ የሚናገር ጽሑፍ አይገኝበትም። ሆኖም ከጋሞ ተራሮች የመጡት የዶርዜ ሸማኔዎች በአዲስ አበባ በሽሮ ሜዳ የሚሠሩትን ሥራ የማያደንቅ ማን አለ? አዋቂ የሆነች እናት ነጠላ ስትገዛ ጨርቁን በጣትዋ ትዳስሳለች፤ ፈትሉን ታያለች፤ ጥለቱንም ገልብጣ ትመረምራለች። ጥለት በእጅ ሲሠራ ከድርና ማጉ ጋር አብሮ ስለሚሸመን በጀርባውም ይታያል፤ በማሽን የታተመው ግን ፊቱ እንጂ ጀርባው የለውም። ይህ በማሽን የታተመው፣ ከውጭ አገር የሚመጣው የሀበሻ ቀሚስ መሳይ፣ ርካሽ ስለ ሆነ ገበያውን እያጥለቀለቀው የሸማኔውን እንጀራ ይነካል። እነሆ፣ አያቶቻችን ከፊደል በፊት ጨርቅ ያነብቡ ነበር። እኛ ፊደል ተምረን ጨርቅ ማንበብን ረሳን።

አንዳንዱ፣ «ገንዘቡ የእኔ ነው፤ ደስ ያለኝን ብለብስ ምን አገባችሁ?» ይለን ይሆናል። እውነቱን ነው። ያለው ሰው እውነተኛውን ባለ ስም ልብስ ገዝቶ ቢለብስ የሚነቅፈው ምክንያት የለንም፤ ይመርበት። ሌላውም፣ «እናንተ ድኻው ባለው ይብቃው ልትሉ ነው» ይለን ይሆናል። እንዲህም አላልንም። ድኻው የተሻለ ልብስ ይገባዋል፤ የሰፋችውም እኅታችን የተሻለ ደመወዝ ይገባት ነበር። እኛ የምንለው ልብሱ በስፌቱ ይመዘን፣ ሰውም በልብሱ አይመዘን ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን አባሎች ሦስት ነገር እናሳስባለን።

አንደኛ፣ ልብስ ስንገዛ ከስሙ በፊት ስፌቱን እንመርምር። ገልብጠን እንይ፤ ክሩን ሳብ እናድርግ፤ ቁልፉን እንቁጠር። ከስሙ ብቻ የሚመጣው ትርፍ ዋጋ ለእኛ የሚያስፈልግ መሆኑንም ራሳችንን እንጠይቅ።

ሁለተኛ፣ የምረቃ ልብስ የሚገዛበት ወቅት ሲደርስ፣ በከተማችን ያሉትን ልብስ ሰፊዎች እናስታውስ። በፓርኩ ውስጥ ለዓለም ገበያ ሲሰፉ የነበሩ እጆች ዛሬ በየሰፈሩ አሉ። ብትን ጨርቅ ገዝተን ብንወስድላቸው በልካችን ይሰፉልናል፤ ገንዘቡም በቀጥታ ለመርፌዋ ባለቤት ይደርሳል።

ሦስተኛ፣ በማንም ልብስ ላይ መሳቅ ከግቢያችን ይቅር። ሕግ ይውጣለት አንልም፤ ሳቅ በሕግ አይከለከልም። ነገር ግን አንዱ ሲጀምር ሁለተኛው ባይከተለው ሳቁ እዚያው ይቀራል። እኛ ያን ማታ አምስት ነበርን፤ ከአምስታችን አንዳችን ዝም ብንል ኖሮ ነገሩ ሌላ በሆነ ነበር።

ይህን ንግግር ከማዘጋጀታችን በፊት ወደዚያ ወንድማችን ሄደን ይቅርታ ጠይቀነዋል። ብዙ አልተናገረም። «እኔ ያዘንኩት ሹራቡን የገዛልኝ አባቴ ፊደል አያውቅም ነበርና ነው» ብቻ አለን። ለዚህ መልስ አላገኘንም፤ እስከ ዛሬም የለንም። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ወደ ሒሳቡ ክፍል ተመልሷል፤ ሹራቡንም በፊቱ ለብሶት መጥቷል።