ጠይቆ መማርና ለምኖ መቅዳት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ)





ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን ቀን በደስታ በምናከብርበት በዛሬው ዕለት ጥቂት ቃል እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ከልብ እናመሰግናለን። የምንናገረው ስለ ሩቅ ነገር ሳይሆን በየማታው በእጃችን ስለምንይዘው ነገር ነው፤ ይኸውም የፊዚክስንና የካልኩለስን የቤት ሥራ በኢንተርኔት እየታገዙ ስለ መሥራት ነው።

ባለፈው ዓመት ከዚህ ተመርቀው ዩኒቨርስቲ የገቡ ታላላቆቻችን በዚያ የሚሰጣቸውን የፊዚክስና የካልኩለስ ጥያቄ እየገለበጡ ላኩልን። እኛም ስድስት ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ መጻሕፍት እየተሰበሰብን ልንሠራው ተስማማን። ዳሩ ግን ጥያቄው ከበደን፤ በዚህ ጊዜ ፊታችንን ወደ ስልካችን አዞርን።

በእውነቱ በዚያ ያለው ሀብት እጅግ ብዙ ነው። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተባለው የአሜሪካ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የትምህርቱን ጽሑፍ በኢንተርኔት ለዓለም ሁሉ በነፃ እንደሚሰጥ ያስታወቀው በ2001 እ.ኤ.አ. ነው። ሳልማን ካን የተባለው ሰው በ2004 እ.ኤ.አ. በሌላ ከተማ የምትኖር አንዲት የዘመዱን ልጅ ከሩቅ ሆኖ ሒሳብ ያስጠና ጀመር፤ ካን አካዳሚ የተባለው ነፃ ትምህርት የተወለደው ከዚህ ነው። ዛሬ ደግሞ ጥያቄውን በፎቶግራፍ ቢያሳዩት መልሱን ከነአሠራሩ የሚጽፍ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አለ። ወላጆቻችን ለአንድ መጽሐፍ ተራ ይጠብቁ እንደ ነበር ሲነግሩን፣ ምን ያህል ዕድለኞች እንደ ሆንን ይገባናል።

ነገር ግን የሆነውን ሳንደብቅ እንናገር። በመጀመሪያ ያደረግነው ጥያቄውን ፎቶግራፍ አንሥቶ መልሱን መቅዳት ነበር። በአንድ ሰዓት ውስጥ አሥር ጥያቄ እንጨርስ ነበር። ደብተራችን ሞላ፤ እኛም ኮራን።

አንድ ቀን የፊዚክስ መምህራችን ደብተሩን አይተው ደስ አላቸውና ከመካከላችን አንዱን ወደ ሰሌዳ ጠሩት። ጥያቄው በደብተራችን የነበረው ነው፦ አንድ ድንጋይ በሴኮንድ 20 ሜትር ፍጥነት ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ቢወረወር ምን ያህል ከፍ ይላል? ጓደኛችን 20 ሜትር ብሎ በፍጥነት ጻፈ። መምህራችንም፣ «ድንጋዩ ከጫፍ በደረሰበት ቅጽበት አክስለሬሽኑ ስንት ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ስድስታችንም በአንድ ድምፅ «ዜሮ!» አልን። እርሳቸው ጠመኔያቸውን ወደ ላይ ወርውረው ቀለቡትና፣ «ዜሮ ከሆነ ታዲያ ማን መለሰው?» አሉን። መልስ አልነበረንም። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚባለው በእኛ ደረሰ።

በዚያው ቅዳሜ ስልካችንን ዘግተን ጥያቄውን እንደ ገና ጀመርነው። የመሬትን ስበት 10 ብለን፣ ሴኮንዱን በ«ሰ» ብንወክል፣ የድንጋዩ ከፍታ 20ሰ − 5ሰ² ይሆናል። የዚህ ዴሪቬቲቭ ፍጥነቱ ነው፤ እርሱም 20 − 10ሰ ነው። ይህ ዜሮ የሚሆነው በ2ኛው ሴኮንድ ነው፤ ከፍታውም በዚያን ጊዜ 20 ሜትር ነው። አንድ ጊዜ ደግሞ ዴሪቬቲቭ ብንወስድ −10 እናገኛለን፤ ይህ አክስለሬሽኑ ነው። በዚህ ቁጥር ውስጥ «ሰ» የለችም፤ ስለዚህ ድንጋዩ ሲወጣም፣ ከጫፍ ሲደርስም፣ ሲወርድም አክስለሬሽኑ ያው ነው። ዜሮ ቢሆን ኖሮ ድንጋዩ በአየር ላይ እንደ ቆመ በቀረ ነበር። ፊዚክስና ካልኩለስ አንድ ነገር በሁለት ቋንቋ እንደሚናገሩ የገባን ያን ቀን ነው።

ከዚያ ወዲህ ሕግ አወጣን። መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ያለ ስልክ በወረቀት እንሞክራለን። ሁለተኛ፣ «መልሱን ስጠን» ሳይሆን «ይህን መሥመር ለምን እንዲህ ሆነ?» ብለን እንጠይቃለን። ሦስተኛ፣ ከተረዳን በኋላ ስልኩን ዘግተን በአዲስ ገጽ ከመጀመሪያው እንሠራዋለን።

ይህ ሕግ ጠቅሞናል። የሳይንና የኮሳይንን ብዜት ኢንተግራል ስንፈልግ አንዱ ገጽ የሳይን ካሬ እኩሌታ ነው አለን፤ ሌላው ደግሞ የኮሳይን ካሬ እኩሌታ ኔጌቲቭ ነው አለን። ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ የሁለቱንም ዴሪቬቲቭ ብንወስድ ሁለቱም ወደ ጥያቄው መለሱን! የሳይን ካሬና የኮሳይን ካሬ ሲደመሩ 1 ስለሚሆኑ፣ ሁለቱ መልሶች የሚለያዩት በግማሽ ብቻ ነው። በኢንተግራል መጨረሻ የሚጻፈው ቋሚ ቁጥር ጌጥ መስሎን እንተወው ነበር፤ ሥራው ይህ መሆኑን በክርክራችን ተማርን። ሰው ሠራሽ አስተውሎትም አንዳንድ ጊዜ የተሳሳተውን በልበ ሙሉነት ስለሚጽፍ፣ መልስን መልሶ መመርመር የተማሪው ፈንታ ነው።

በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ያለ ስልክ ዩኒቨርስቲ ገብተው በተፈተኑ ጊዜ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ያህሉ ብቻ እንደ ነበሩ ሁላችን ሰምተናል። ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን እኛም በቅርቡ ወደዚያ አዳራሽ ስንገባ የምንይዘው ራሳችንን ብቻ መሆኑ የተረጋገጠ ነው።

ስለዚህ የኢንተርኔት ካርድ ከጉሮሯችሁ ቀንሳችሁ የምትገዙልን ወላጆቻችን ሆይ፣ ማታ ስልክ ይዘን ብታዩን አትቈጡን፤ ነገር ግን «ደብተርህ የት አለ?» «ደብተርሽ የት አለ?» ብላችሁ ጠይቁን። መምህራኖቻችን ሆይ፣ መልሳችን ትክክል ቢሆንም እንኳ ወደ ሰሌዳው መጥራታችሁን አትተዉ። ያን ቀን አፍረን ነበር፤ ዛሬ ግን እናመሰግናለን። ታናናሾቻችንም መጠየቅ ሊቅ ያደርጋል የሚለውን ያዙ፤ ግን ሳትሞክሩ አትጠይቁ፤ ሳይሞክሩ መጠየቅ ልመና ነውና።

ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ይኑርልን!