ሥር የሰደደ የጉበት ሕመም ያለባቸው ወገኖች በወረርሽኝ ጊዜ ሊወስዱት የሚገባ ጥንቃቄ



ጉበት ሥራው ብዙ፣ ሕመሙን ግን ቶሎ የማይናገር የሰውነት ክፍል ነው። ከምግብ የተገኘውን ስኳር ያከማቻል፤ ሰውነት በተራበ ጊዜም መልሶ ይለቃል። ስብን ያዘጋጃል፤ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ ፕሮቲኖችን ይሠራል፤ መድኃኒትንና መርዝን ያጣራል። ስለሆነም ጉበት ሲታመም የመላው አካል የምግብና የኃይል አጠቃቀም ይታወካል።

ሄፓታይተስ ቢ እና ሄፓታይተስ ሲ የተባሉት ቫይረሶች ምልክት ሳያሳዩ ለዓመታት በጉበት ውስጥ ሊቆዩ ይችላሉ። በእነዚህ ዓመታት ጉዳቱ በስውር ይካሄዳል። የጉበት ሴል ኃይል ሲያመነጭ፣ ከማገዶ ጢስ እንደሚወጣ ሁሉ፣ ጎጂ የኦክስጅን ውጤቶችም አብረው ይወጣሉ። ጤናማ ጉበት ግሉታታዮን በተባለ ንጥረ ነገር ያመክናቸዋል። ቫይረሱና የሚያስከትለው ብግነት ሲበረቱ ግን ጢሱ ይበዛል፤ መከላከያውም ይሟጠጣል። ይህ ሁኔታ ኦክሲዴቲቭ ስትረስ ይባላል። የተጎዱት ሴሎች በጠባሳ ይተካሉ፤ ጠባሳው ሲበዛም ጉበት ይጠጥራል፣ ለካንሰርም ይጋለጣል። በተለይ ሄፓታይተስ ሲ ኢንሱሊን በአግባቡ እንዳይሠራ በማድረግ ለስኳር በሽታና በጉበት ላይ ለሚከማች ስብ ምክንያት ይሆናል።

ወረርሽኝ ሲመጣ አደጋው በሦስት መንገድ ይጨምራል።

አንደኛው የትኩሳት ማስታገሻ ነው። የፓራሲታሞልን መርዛማ ቅሪት የሚያመክነው ያው ግሉታታዮን ነው። ጤነኛ አዋቂ እንኳ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊ ግራም ከሆነ ከ8 ፍሬ በላይ መውሰድ አይገባውም። ለጉበት ሕመምተኛ መጠኑ ከዚህ ሊያንስ ስለሚችል በሐኪም ይወሰናል።

ሁለተኛው «ቫይረሱን ይገድላል» ተብሎ የሚጠጣ አረቄና መጠኑ ያልታወቀ የሥራ ሥር መድኃኒት ነው። አረቄ በሆድ የገባን ቫይረስ አይገድልም፤ የደከመውን ጉበት ግን ይጎዳል።

ሦስተኛው በሽታውን በመፍራት ክትትልን ማቋረጥ ነው። የሄፓታይተስ ቢ መድኃኒት ያለ ሐኪም ፈቃድ ሲቋረጥ ቫይረሱ በኃይል ሊያገረሽ ይችላል። ለመተንፈሻ ሕመም የሚሰጡ እንደ ዴክሳሜታዞን ያሉ መድኃኒቶችም ሊቀሰቅሱት ስለሚችሉ፣ ታማሚው ቫይረሱ በደሙ እንዳለ ለሚያክመው ሁሉ አስቀድሞ ይናገር።

ቤተሰብም ድርሻ አለው። ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ በአንድ ማዕድ በመብላት ወይም በመጨባበጥ አይተላለፉም። ስለዚህ ታማሚን ማግለል አይገባም። ምላጭና የጥርስ ብሩሽ ግን በጋራ አይያዙ። ሄፓታይተስ ቢን ክትባት ይከላከለዋል፤ ሄፓታይተስ ሲ ደግሞ በአብዛኛው ከ8 እስከ 12 ሳምንት በሚወሰድ እንክብል ይድናል። አትክልትና ጥራጥሬ የሚበዛበት ገበታ፣ የእግር ጉዞና ከአልኮል መራቅ ጉበትን ያግዛሉ፤ ሕክምናን ግን አይተኩም።

በሕዝቡ ዘንድ «የወፍ በሽታ» የሚባለው የዓይን ቢጫ መሆን፣ የሽንት መጥቆር፣ የሆድ መነፋት፣ ደም ማስመለስ፣ ጥቁር ሰገራ ወይም የአእምሮ መደናገር የታየበት ሰው ወረርሽኙ እስኪያልፍ ሳይጠብቅ፣ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ተቋም በዚያው ዕለት ይሂድ። ወረርሽኝ ያልፋል፤ በመዘግየት የጠጠረ ጉበት ግን በቀላሉ አይመለስም።