ሁለተኛ ዕድል በምን ይታወቃል?

(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ በንባብ ቡድኑ ስም የቀረበ ንግግር)



  ዛሬ የምናቀርበው ፍቅርና ሱስ አንድ ቤት ሲገቡ የሚሆነውን የሚተርክ ልብ ወለድ ነው። የመረጥነው በመካከላችን ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ ስላለ ነው፦ «መጠጡን ትቻለሁ ብሏል፤ ልመለስ ወይስ ይቅርብኝ?» አንዳንዶቻችን ስለ ባል እንጠይቀዋለን፣ አንዳንዶቻችን ስለ ወንድም ወይም ስለ ልጅ።

መጽሐፉ «የዋይልድፌል ሆል ተከራይ» ይባላል። እንግሊዛዊቷ አን ብሮንቴ አክተን ቤል በሚል የብዕር ስም እ.ኤ.አ. በ1848 አሳተመችው። ጉዳዩን ከሩቅ ሰምታ አልጻፈችም። ወንድሟ ብራንዌል በመጠጥና በኦፒየም ተጎድቶ አባታቸው ቤት ይኖር ነበር፤ መጽሐፉ በወጣበት ዓመት በ31 ዓመቱ ሞተ። እሷም በተከታዩ ዓመት በ29 ዓመቷ አረፈች።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሔለን የምትባል ወጣት አርተር ሃንቲንግደን የተባለ መልከ መልካም ሰው ትወዳለች። አክስቷ ብትመክራትም ፍቅሬ ያቀናዋል ብላ ታገባዋለች። እኛስ «ሲያገባ ይተዋል»፣ «ልጅ ሲወልድ ይረጋል» እንል የለ? ልጅ ተወለደ፣ እሱ ግን አልረጋም። ለወራት ለንደን ይጠፋል፤ ሲመለስም የመጠጥ ጓደኞቹን አስከትሎ ነው። በመጨረሻ ትንሹን ልጁን ወይን መጠጣትና መሳደብ ያለማምደው ጀመር። ሔለን ለመውጣት የቆረጠችው ያኔ ነው።

እዚህ ላይ በሒሳብ ሥራ ያለን ሰዎች ቆም ብለን ያነበብነው ክፍል አለ። ሔለን ሥዕል ትሥላለች፤ ሥዕሏን እየሸጠች ልጇን ለማሳደግ ታቅዳለች። ባሏ የማስታወሻ ደብተሯን አንብቦ ይደርስባታል። ቁልፎቿን ይነጥቃል፣ የሥዕል ዕቃዋን እሳት ውስጥ ይጨምራል፣ ገንዘቧንና ጌጧን ወስዶ ጥቂት የወር ተቆራጭ ብቻ ያደርግላታል። ሕጉም ከእሱ ጋር ነበር። በዚያ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ያገባች ሴት ሠርታ ያገኘችው ገንዘብ የባሏ ነበር። የላቧን ዋጋ የራሷ ያደረገላት ሕግ በ1870፣ ንብረቷን በስሟ እንድትይዝ የፈቀደላት ደግሞ በ1882 ወጣ። በእኛም አገር በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰቡ አለቃ ባል ነበር፤ የጋራ ንብረትን ባልና ሚስት አብረው እንዲያስተዳድሩ የደነገገው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የወጣው በ1992 ዓ.ም. ነው። ሔለን ግን ሕጉን አልጠበቀችም። በወንድሟ እርዳታ ልጇን ይዛ ሸሸች፤ በአንድ አሮጌ ቤት ስሟን ቀይራ በሥዕሏ ኖረች።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። መጽሐፉ አንድ ጠጪ ብቻ አያሳየንም፤ ሦስት ያሳየናል።

አንደኛው ሎርድ ሎውቦሮ ነው። ሀብቱን በቁማር ጨረሰ። ቁማሩን ሲተው መጠጥ ያዘ፣ ከመጠጥ ሲሸሽ ላውዳነም የሚባለውን ኦፒየም ያለበት መድኃኒት ለመደ። ከብዙ ውጣ ውረድ በኋላ ሁሉንም ተወ። የቀድሞ ጓደኞቹ እየሳቁ ሊመልሱት ሞከሩ፤ ሱስ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውኃ ነውና። ሚስቱ ስትከዳው እንኳ ወደ ብርጭቆው አልተመለሰም። ኋላ ከእሷ ተፋትቶ መልኳ ብዙም የማይወራላት፣ ልበ ብልህ የሆነች ሴት አገባና ኑሮው ሰመረ።

ሁለተኛው ሃተርስሊ ነው። ሚስቱ ሚሊሰንት ዝምተኛ ናት፤ እሱም ዝምታዋን እንደ መስማማት ቆጠረው። ሔለን ሚሊሰንት የጻፈችላትን ደብዳቤዎች ስታሳየው ግን በሚስቱ ላይ ያደረሰውን ሐዘን አየ፣ አፈረም። ከዚያ በኋላ ከከተማው ፈተና ርቆ ገጠር ገባ፤ እርሻና ፈረስ ማርባት ያዘ።

ሦስተኛው ራሱ ሃንቲንግደን ነው። ከፈረስ ወድቆ ሲታመም ሔለን ተመልሳ አስታመመችው። ልጁን ሳታሳየው በፊት ግን አንድ ነገር ጠየቀች፤ ልጁ በእሷ ጥበቃ ሥር እንደሚቆይ በጽሑፍ እንዲፈርም፣ ያውም ምስክር ባለበት። ፈረመ። ትንሽ ሲሻለው ሐኪሙ የከለከለውን ወይን ጠጣና በሽታው ባሰበት፣ ሞተም።

እህቶቻችን፣ በእነዚህ ሰዎች መካከል ያለው ልዩነት የተወደዱበት መጠን አይደለም። ከሦስቱ አብዝቶ የተወደደው የሞተው ነው። ሁለቱ የዳኑት ጓደኛቸውን፣ ውሏቸውንና ቦታቸውን ስለለወጡ ነው። እኛ በመዝገብ ላይ ተስፋን እንደ ገቢ አንጽፍም፤ የገባውን ነው የምንጽፈው። «ትቻለሁ» የሚል ሰውም የሚታየው በውሎው ነው፦ ከማን ጋር ያመሻል? ደመወዙ የት ይገባል? ሐኪም ዘንድ ሄዷል? ለዓመታት አብዝቶ የጠጣ ሰው በአንድ ቀን ሲያቆም መንቀጥቀጥ፣ መቃዠት፣ መንፈራገጥም ሊመጣበት ይችላል፤ ሕይወቱንም ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ «ወንድ ከሆንክ ዛሬውኑ ተው» ከማለት ወደ ሕክምና መውሰድ ይቀድማል። መንገድ ላይ አንዴ ቢሰናከልም ሁሉ ነገር አበቃ ማለት አይደለም፤ ተነሥቶ ወደ ሕክምናው መመለሱን እንይ።

ሔለን ሌላም ነገር ታስተምረናለች። ይቅር ማለት፣ ማስታመምና ማመን ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የታመመውን አስታመመች፣ ክፋቱንም በልቧ አልቋጠረችም። ልጇን ግን በቃል ብቻ አላስያዘችም። ማዘኗና ወረቀቱን ማስፈረሟ አልተጋጩም።

በመጨረሻም ሔለን ከጊልበርት ማርካም ጋር ተጋብታ አዲስ ኑሮ ጀመረች። ያኔ የራሷ ሀብት ነበራት፤ እሱ የሀብታቸውን ልዩነት አስቦ ሲያመነታ ፈቃዷን ቀድማ የገለጸች እሷ ናት። ስለ ሁለተኛ ዕድል ስናወራ ስለ ጠጪው ብቻ እንናገራለን። አጠገቡ ዕድሜዋ ያለፈ ሴትም ሁለተኛ ዕድል ይገባታል።

የአን እኅት ሻርለት የዚህን መጽሐፍ ርዕሰ ጉዳይ ስላልወደደችው ከአን ሞት በኋላ እንደገና እንዲታተም አልፈለገችም። የቤት ገመና አደባባይ ሲወጣ የሚያስጨንቀው እኛን ብቻ አይደለም ማለት ነው። ቢሆንም ሃተርስሊን ያነቃው የሚስቱ ዝምታ አልነበረም፤ የተጻፈው ደብዳቤ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ ይህን ነው። እያንዳንዳችን በስማችን ያለ የቁጠባ ደብተር ይኑረን፤ ትንሽም ቢሆን። ችግሯን የምትነግረን እህት ስትመጣም «ተመለሺ» ወይም «ውጪ» ለማለት አንቸኩል። የምታየውን ነገር ከእሷ ጋር እንቁጠርላት፤ ውሳኔው የእሷ ነው። ብትመለስም ብትወጣም የማኅበሩ በር አይዘጋባት።