ፋይሉ ጠፋ፣ እኛ ግን አለን

(በምሥራቅ አዲስ አበባ የአንድ ሰፈር የቤት ባለቤቶች ማኅበር ጸሐፊ፣ ነዋሪውና የከተማው ሹማምንት በተገናኙበት ስብሰባ ላይ ያሰሙት ንግግር)



ሰብሳቢው አምስት ደቂቃ ሰጥተውኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ስብሰባው የተጠራው ለሦስት ሰዓት ነበር፤ የተጀመረው አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። እኛ ቅሬታ የለንም። መጠበቅ ለምደናል፤ እንዲያውም ሁለተኛ ሥራችን ሆኗል። ከአምስት ደቂቃው ትንሽ ባልፍ ግን፣ ከዚያ ከአንድ ሰዓት ተኩሉ ላይ እንዲታሰብልኝ እለምናለሁ። (ሳቅ)

እኔ ፖለቲከኛ አይደለሁም። ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የማኅበሩ ጸሐፊ የሆንኩትም ጽሕፈቴ ስለሚነበብ ነው አሉኝ። እስካሁን ግን የጻፍኩትን ያነበበ ሹም አላጋጠመኝም።

እኛ እነማን ነን? በገርጂና በሲኤምሲ መካከል ቤት ሠርተን የምንኖር አስተማሪዎች፣ ሾፌሮች፣ ነርሶች፣ ነጋዴዎችና ጡረተኞች ነን። ሲኤምሲ ዛሬ የሰፈር ስም ይሁን እንጂ የመጣው ከጣሊያን የግንባታ ኩባንያ ስም ነው። እኛ ጣሊያን አልሠራልንም። ዕቁብ ጥለን፣ ወርቅ ሸጠን፣ ብሎኬት በብሎኬት ደርድረን ነው የገባነው። እኔ በ1991 ስገባ በርና መስኮት አልነበረውም። መስኮቱን በካርቶን ሸፍነን ሁለት ክረምት አሳልፈናል።

እውነቱን ለመናገር ደግሞ እኛም ባዶ መሬት ላይ አልሰፈርንም። ይህ ሁሉ አካባቢ እርሻ ነበር። ስንመጣ ጤፍ ሲታጨድ አይተናል። ገበሬው የት ሄደ ብሎ ማኅበራችን አንድም ቀን ስብሰባ ጠርቶ አያውቅም። ዛሬ እኛ «ሳንጠየቅ ተወሰነብን» ስንል፣ ከእኛ በፊት ሳይጠየቅ የተወሰነበት ሰው እንደነበረ መርሳት ነውር ነው። ይህን የምለው ለሹማምንቱ ሰበብ ልሰጥ አይደለም፤ እጃችንን ታጥበን እንድንናገር ነው።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ያቀረብናቸው አቤቱታዎች ሦስት ናቸው።

አንደኛው የልጆች መጫወቻው ነው። ሰፈሩ ሲሸነሸን በፕላኑ ላይ አረንጓዴ ተቀብቶ፣ ለልጆች መጫወቻና ለዛፍ ተብሎ የተተወ ክፍት ቦታ አለ። ባሕር ዛፉን ያጸዳነው እኛ ነን፤ ጽዱን የተከልነውም እኛ። አንድ ቀን ጧት ስንነሳ ቦታው በቆርቆሮ ታጥሯል። ማን አጠረው? ዘበኛው «ባለቤቱ» ይላል። ባለቤቱ ማነው? «አላውቅም፣ የቀጠረኝ ሌላ ሰው ነው።» አንድ ቢሮ ሄደን ጠየቅን፤ «እኛ አልሰጠንም» አለ። ሌላው ቢሮ «ከሰጡም እነሱ ናቸው» አለ። እንዲያው ለመሆኑ፣ ማንም ያልሰጠው መሬት እንዴት ተወሰደ?

ሁለተኛው የጎርፍ ቦይ ነው። ከላይ የሚመጣው ውኃ መሄጃ ሲያጣ ክረምት በመጣ ቁጥር ታችኞቹ ቤቶች ሳሎን ውስጥ ይገባል። ከላይ አዲስ አስፋልት በተነጠፈ ቁጥር ወደ ታች የሚወርደው ውኃ ይጨምራል። ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ ሐምሌ ላይ አንድ ሌሊት ከእኛ ጋር ማደር ይበቃል።

ሦስተኛው የመጠጥ ውኃ ነው። ለገዳዲ ግድብ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ይህን ከተማ አጠጥቷል። ግድቡ የሚገኘው በከተማው ምሥራቅ፣ በእኛ በኩል ነው። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይኼ ነው! ፈረቃው በሳምንት ሁለት ቀን ይባላል፤ የሚመጣው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። እናቶቻችን ጀሪካን አሰልፈው የሚያድሩት ለጸሎት አይደለም። ፈረቃ ይሁን፣ እሺ። ግን የፈረቃው ሰሌዳ በወረቀት ይለጠፍልን ነው ያልነው። ወረቀት እንኳ ተከለከልን?

እንግዲህ እነዚህን ሦስት ነገሮች ጽፈን፣ የአባላቱን ፊርማ አሰባስበን ለአንድ ቢሮ አስገባን። የየትኛው ቢሮ እንደሆነ አልናገርም፤ ሰው ለማስቀጣት አልመጣሁም። መዝገብ ቤት «ገቢ» ብሎ ማኅተም አደረገበት። ከሁለት ወር በኋላ ስንመለስ «ወደሚመለከተው ተመርቷል» ተባልን። የሚመለከተው ደግሞ «አልደረሰኝም» አለ። ሁለተኛ ቅጂ ሰጠን። ኃላፊው ተቀየሩ። ሦስተኛ ቅጂ ሰጠን። ቢሮው ፎቅ ቀየረ። አራተኛውን ስንሰጥ አንዲት ልጅ በቅንነት «አባባ፣ ፋይሉ ጠፍቷል፣ እንደገና ይጻፉ» አለችኝ። እኔም «ልጄ፣ ፋይሉ ጠፋ፣ እኛ ግን አለን» አልኳት። (ጭብጨባ)

ስንት መልክ ያልተቀያየረ መሥሪያ ቤት አለ? አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ ቀበሌ ነበርን። ከፍተኛ ተባልን፣ ወረዳ ተባልን። በ1995 ከተማው በ10 ክፍለ ከተማ ተከፈለ። በ2013 ደግሞ ከቦሌና ከየካ ተወስዶ 11ኛው ክፍለ ከተማ፣ ለሚ ኩራ ተጨመረ። ስም መቀየሩ በራሱ አይከፋም። ሰሌዳ በተቀየረ ቁጥር ግን የነዋሪው ጥያቄ እንደ አዲስ የሚቆጠር ከሆነ፣ ተሐድሶ መባሉ ቀርቶ መርሳት ይባል።

ሹማምንቱ አንዳንድ ጊዜ «ማኅበራችሁን ማን ፈቀደላችሁ?» ይሉናል። ኮንዶሚኒየም ለሚኖሩት ጎረቤቶቻችን ሕጉ ራሱ፣ አዋጅ ቁጥር 370/1995፣ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ይኑራችሁ ይላል። ለሌላው ደግሞ በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 30 አቤቱታ የማቅረብ መብትን፣ በአንቀጽ 31 የመደራጀት መብትን ጽፏል። አንቀጽ 12 ደግሞ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል። እኛ የጠየቅነው ከዚህ አንድ ፊደል አይበልጥም።

የያው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። እሺ፣ መሬቱ የእኛ አይደለም እንበል። የእኛ የሚባለው ድንጋዩና ቆርቆሮው ነው። ለድንጋዩና ለቆርቆሮው በአዋጅ ቁጥር 80/1968 መሠረት ግብር ስንከፍል ኖረናል። በ2015 ግምቱ ተከልሶ ክፍያው ሲያሻቅብ ተሰልፈን ከፈልን። በጥር 2017 ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅ አጽድቋል። አንከፍልም የሚል ሰው በመካከላችን የለም። ግን የግብር ፋይላችን አንድም ቀን ጠፍቶ አያውቅም! የእዳ መዝገብ የማይጠፋበት መሥሪያ ቤት የአቤቱታ መዝገብ ለምን ይጠፋበታል? (ረጅም ጭብጨባ)

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። ናይሮቢ ውስጥ የካረንና የላንጋታ ነዋሪዎች ማኅበር «አገልግሎት ሳትሰጡን ግብር ትጠይቁናላችሁ» ብሎ ከከተማው ምክር ቤት ጋር እስከ ፍርድ ቤት ተሟግቷል። ከተማው አልፈረሰም። ማኅበሩም ፀረ ልማት አልተባለም።

ፀረ ልማት ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በ2016 የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር ከቦሌ እስከ መገናኛ ያለው መንገድ ተሠራ፤ በሁለተኛው ዙር ደግሞ ወደ ሲኤምሲ፣ ሰሚትና ጎሮ መጣ። መብራቱ ያምራል። የእግረኛ መንገዱ ያምራል፤ እኔም ማታ ማታ እሄድበታለሁ። የሚያምረውን ያምራል ማለት አይከብደንም። ነገር ግን ከፒያሳና ከካዛንቺስ የተነሱ ሰዎችን አግኝቼ አነጋግሬአለሁ። ቤት ተሰጥቷቸው የሚያለቅሱ አሉ። ለምን ቢሉ፣ ዕድሩ ተበተነ፤ ቡና የሚጣጣ ጎረቤት ጠፋ። ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ቦታ ስለሚለቀቅበት ሁኔታ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ተነሺዎችን አስቀድሞ ማማከር ግዴታ ነው ይላል። ማማከር ማለት ተወስኖ ካለቀ በኋላ መጥቶ መንገር አይደለም።

የባቡሩንም ነገር እዩት። በ2008 ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ያለው መስመር ሥራ ሲጀምር ተደስተናል፤ ተሳፍረናልም። ነገር ግን ሐዲዱ ሰፈሩን በአጥር ለሁለት ከፈለው። ድሮ ተሻግሮ ዳቦ የሚገዛ ሽማግሌ ዛሬ መሻገሪያ ፍለጋ ሩቅ ይሄዳል። መሻገሪያው የት ይሁን ተብሎ አንድ ሽማግሌ ቢጠየቅ ኖሮ ምን ያህል ገንዘብ ይባክን ነበር?

አሁን ደግሞ ለራሴ ሰዎች፣ ለእናንተ ለጎረቤቶቼ አንድ ነገር ልናዘዝ።

ውኃው በጠና ጊዜ የባለቤቴ ዘመድ የሆነ ልጅ አንድ ቢሮ ውስጥ ይሠራ ነበር። ደወልንለት። በሳምንቱ ሰዎች መጡና እኔን ብቻ ከታችኛው መስመር ጋር አገናኙኝ። ጸሐፊው! የማኅበሩን አቤቱታ በእጄ ጽፌ በእጄ ያስገባሁት ሰውዬ! ከዚያ ወዲህ ለአራት ወር ማኅበሩን ስብሰባ አልጠራሁም። ሥራ በዛብኝ እል ነበር። ሥራ አልበዛብኝም፤ ውኃ ነበረኝ።

አንድ ቀን ግንብ አጥር የሚያዋስኑኝ እናት ጀሪካናቸውን ይዘው በሬ ላይ ቆሙ። ቀዳሁላቸው። ሲሄዱ ዞር ብለው «ልጄ፣ አንተ እንኳን ጠጣህ። እኛ ግን ጥማችንን የሚናገርልን ሰው አጣን» አሉኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ውኃው ጉሮሮዬን አልፎ አልወረደም።

ከመካከላችሁ እንደኔ ያደረገ የለም ወይ? ቦዩን ለራሱ በር ብቻ ያስደፈነና ጎርፉን ወደ ጎረቤት የመለሰ የለም? ካርታው በጉዳይ አስፈጻሚ ሲወጣለት «ማኅበር ምን ይሠራል» ብሎ መዋጮ ያቆመ የለም? አንድ በአንድ ስንለመን የምናገኘው ነገር ሁሉ በማኅበር የመጠየቅ ጉልበታችንን እየሸጥን የምናገኘው ነው። ሹሙ ለአንዱ ውለታ ሲውል ለመቶው መልስ ከመስጠት ይገላገላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እያልን በየሰርጉ እንተርታለን፤ በማግስቱ ግን እያንዳንዳችን የራሳችንን ክር ይዘን እንሮጣለን። ከታችኛው መስመር ያገናኘኝን ቧንቧ ባለፈው ሳምንት አስነቅያለሁ። ባለቤቴ አኩርፋኛለች፤ ልክ ናት። ግን ዛሬ እናንተ ፊት ለመቆም ሌላ መንገድ አላገኘሁም።

ክቡራን ሹማምንት፣ ተአምር አንጠይቅም። ገንዘብ የለም ካላችሁ ቦዩን ለመቆፈር ጉልበት እናዋጣለን፤ ሲሚንቶም እንገዛለን። ከእናንተ የምንፈልገው ሦስት ወረቀት ነው። የክፍት ቦታውን ፕላንና ቦታው ለማን፣ በማን ፊርማ እንደተሰጠ የሚያሳይ ወረቀት። የቦዩን ሥራ ማን፣ መቼ እንደሚጀምር የሚገልጽ ወረቀት። የውኃ ፈረቃውን ሰሌዳ የያዘ ወረቀት። ካልሆነም አይሆንም የሚል፣ ማኅተምና ፊርማ ያለበት ደብዳቤ። አይሆንም የሚል መልስ እንኳ ክብር ነው፤ ይግባኝ ይባልበታል። በዝምታ ላይ ግን ይግባኝ የለም።

በእጄ የያዝኩት አምስተኛው ቅጂ ነው። እንደ በፊቱ መዝገብ ቤት አላስገባውም። እዚሁ፣ በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት ለሰብሳቢው አስረክባለሁ። የተቀበለው ሰው ስሙን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፎ ቀሪው ላይ ይፈርምልኝ።

አምስት ደቂቃዬ አልቋል፤ አውቃለሁ። ብዕር ይዣለሁ። ፈርሙልኝና እቀመጣለሁ።