ገመድ የቦረቦረው ድልድይ

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ትንሽ ድልድይ ነው። በእንግሊዝ አገር የጀልባ ቦዮች ላይ እንዲህ ያለ ጎባጣ ድልድይ በየመንደሩ ዳር ይገኛል። ከቅስቱ ሥር ቆሞ የማዕዘኑን ድንጋይ የዳሰሰ ሰው ጣት የሚያስገባ ቡርቡር ያገኛል፤ አንዱ ከሌላው በላይ ተደርድሯል። መጋዝ የገባበት ይመስላል፤ የሠራው ግን ገመድ ነው። ፈረስ ጀልባ የሚጎትትበት ገመድ ውሃ እየጠጣ፣ መሬት እየነካ አሸዋ ይይዛል። ያ አሸዋ የያዘ ገመድ ዓመት ካመት ድንጋዩን ሲሞርደው ኖረ። ማዕዘኑን ለማዳን ብረት አለበሱት፤ ብረቱንም ቦረቦረው።

ነገሩን ያመጣው የድንጋይ ከሰል ነው። የብሪጅዎተር መስፍን የዎርስሊን ከሰል ወደ ማንቸስተር ለማድረስ መሐንዲሱን ጄምስ ብሪንድሊን ይዞ ቦይ አስቆፈረ። እ.ኤ.አ. በ1761 ጀልባዎቹ መጓዝ ሲጀምሩ (ዓመቶቹን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር እጠራለሁ) ብዙ ሳይቆይ የከሰል ዋጋ በግማሽ ያህል ወረደ። በጋሪ ሁለት ቶን ያህል የሚጎትት ፈረስ በረጋ ውሃ ላይ ከ25 እስከ 30 ቶን ይስባላ!

ቦይ ግን መሬት ለሁለት ይከፍላል። የገበሬው ማሳ ወዲያ ማዶ፣ ከብቱ ወዲህ ማዶ ሲቀር ቦይ ቆፋሪው ኩባንያ ድልድይ መሥራት ግድ ሆነበት። ወጪ ለመቆጠብም ቦዩን ከድልድዩ ሥር አጠበበው፤ ጀልባው በውሃው፣ ፈረሱ በዳሩ እንዲያልፉ ያህል ብቻ።

እኔን ከሁሉ የሚደንቀኝ የፈረሱ መንገድ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው የሚዛወርበት ድልድይ ነው። በ1831 በተከፈተው የማክልስፊልድ ቦይ ላይ የዚህ ድልድይ መውረጃ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ይጠመዘዛል። ፈረሱ ወጥቶ ይሻገራል፤ ዞሮም በዚያው ድልድይ ሥር ያልፋል፤ ገመዱ ለአፍታም አይፈታም። በስትራትፎርድ ቦይ ደግሞ ድልድዩን መሐል ለመሐል ከፍለው ገመድ የሚሾልክበት ክፍተት ተዉለት። ለአንድ ገመድ ይህን ያህል የተጨነቀ ግንበኛ ክብር ይገባዋል።

ባቡር ሲመጣ የጭነት ዋጋ ተሰበረ። የቤት ኪራይ ያቃተው ጀልበኛ ሚስቱንና ልጆቹን አሳፍሮ ሦስት ሜትር ያህል ርዝመት ባላት ክፍል አኖራቸው። ምግብ የሚበስለው፣ ልጅ የሚወለደው እዚያው ነበር። ጆርጅ ስሚዝ የተባለ ተቆርቋሪ አቤት ሲል ኖሮ በ1877 ሕግ ወጣ፤ መኖሪያ ጀልባ እንዲመዘገብ፣ የሚያድርበትም ሰው ቁጥር እንዲወሰን። ለጀልበኛ ንጹሕ ኑሮ መንግሥት ማሰብ የጀመረው ያኔ ነው።

አብዛኞቹ ቦዮች በ1948 ወደ መንግሥት ዞሩ። ከ1962 ወደ 1963 ባሻገረው ክረምት ውሃው ለሳምንታት በረዶ ሆኖ ሲቆለፍ ከጭነት ሥራው የተረፈው አብዛኛው አከተመ። በ1968 የወጣ ሕግ ግን ብዙዎቹን ቦዮች ለመዝናኛ ጀልባ አቆያቸው። ዛሬ ከ30 ሺህ በላይ ጀልባ አለባቸው፤ ሺዎችም ቤታቸው ጀልባቸው ነው።

እንግዲህ ወደ ድልድያችን እንመለስ። አጠገቡ ትንሽ የጡብ ቤት ቆማ ትገኝ ይሆናል፤ ግድግዳዋ ላይ የውሃ ቧንቧ፣ ከጎኗ የመጸዳጃ ጋን መገልበጫና የቆሻሻ ገንዳ። ጀልበኞች በየቦዩ የሚሠራ አንድ ዓይነት ቁልፍ አላቸው፤ ውሃ ውስጥ ቢወድቅ እንዳይሰምጥ ከቡሽ ኳስ ጋር ያስሩታል። ቋሚ ማሰሪያ የሌለው ጀልባ በ1995ቱ ሕግ መሠረት በአንድ ቦታ ከ14 ቀን በላይ በተለምዶ አይቆምም። ስለዚህ ቤተሰቡ ጉዞውን የሚያሰላው በቧንቧ ነው፤ የትኛው ድልድይ አጠገብ ውሃ አለ ብሎ። አድራሻውም የድልድዩ ቁጥር ነው፤ ሰው ቢታመም አምቡላንስ የሚጠራው በዚያ ቁጥር ነው።

ቅርስ ጠባቂዎች ያንን የተቦረቦረ ድንጋይ መንከባከባቸው ደግ ነው። እኔ የምጠይቀው ቧንቧውንም እንዲጨምሩበት ነው። ድንጋዩን የቦረቦረው ገመድ የጀልበኛ ገመድ ነበር፤ ዛሬም ጀልበኛው እዚያው ድልድይ ሥር ባልዲውን ይዞ ቆሟል።