መርዙን ማሰር፣ ምንጩንም ማድረቅ



በአቃቂ ወንዝ ዳር የሚለማው ቆስጣና ሰላጣ ለአዲስ አበባ ገበያ ይቀርባል። ወንዙ ግን የፋብሪካና የከተማ ፍሳሽ ተሸክሞ ስለሚወርድ፣ እርሳስ፣ ካድሚየምና ክሮሚየም በአፈሩ ይከማቻሉ። እነዚህ ከባድ ብረቶች እንደ ቅጠል አይበሰብሱም፤ በአትክልቱ በኩል ማዕዳችን ድረስ ይመጣሉ።

ባዮቻር የቡና ገለፈትን ወይም የበቆሎ ቆረቆንዳን አየር በተገደበበት ምድጃ፣ ብዙ ጊዜ ከ350 እስከ 700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት በማክሰል የሚገኝ ነው። የአፈሩን አሲዳማነት ይቀንሳል፤ እርሳስንና ካድሚየምንም ስለሚይዝ ሥሩ የሚስበው መጠን ያንሳል።

ይሁን እንጂ ባዮቻር መርዙን ያስረዋል እንጂ አያስወግደውም። ፍሳሹ ካልቆመ በታሰረው ላይ ሌላ ይጨመራል።

ስለዚህ በወንዝ ዳር የአትክልት ቦታ ያላችሁ አጥቢያዎች አስቀድማችሁ አፈሩንና ውኃውን በላቦራቶሪ አስመርምሩ። ቀለም የተቀባ እንጨት አታክስሉ። ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስ በቆስጣው ፈንታ የማይበላ ችግኝ አፍሉ። ፍሳሹ እንዲገታም ለሚመለከተው አካል በአንድነት እናመልክት።

ከዚህ አትክልት ለነዳያን እናካፍላለን። ምጽዋታችን ሕመም ይዞ እንዳይሄድ መጠንቀቅ የሁላችንም አደራ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።