አንድ ቃል፣ አንድ ልክ
በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ጊዜ ስለ መንገድ ምልክት ንድፍ ቃላት የተደረገ ንግግር



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ስለ ትልቅ ፍልስፍና ለመናገር አይደለም። የምንናገረው ስለ አንድ ችካል ነው። ይኸውም ችካል ከባሕር ዛፍ የተቆረጠ፣ ቁመቱ ከግማሽ ሜትር የማይበልጥ፣ ጫፉ ቀይ የተቀባ እንጨት ሲሆን፣ ባለፈው የትምህርት ወራት እኛው ራሳችን ከማይገባው ቦታ ላይ ተክለነው ነበር። የተሳሳትንበትን ምክንያት ስንመረምር ግን ነገሩ ከአንድ ችካል የሚበልጥ ሆኖ ስላገኘነው ለእናንተ ልናካፍለው ወደድን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመንገድ ምልክት በኮምፒዩተር ነድፎ የሚቆምበትን ቦታ በመሬት ላይ የማሳየት ልምምድ ነበረን። እኩሌታችን በክፍል ውስጥ ፕላኑን ሠራን፤ እኩሌታችን ሜትርና ችካል ይዘን ወደ ሮቤ ከተማ ዳር ወጣን። በፕላኑ ላይ የትምህርት ቤት ማስጠንቀቂያ ታፔላ የሚቆምበት ቦታ «ኦፍሴት 3.60» ተብሎ ተጽፏል። ፕላኑን የሠሩት ጓደኞቻችን በልባቸው የያዙት ከአስፋልቱ ጠርዝ ወደ ውጭ 3 ሜትር ከ60 ሴንቲ ሜትር ነው። ሜትር የያዝነው ደግሞ የንድፍ ሶፍትዌሩ ኦፍሴትን ከመንገዱ የመሃል መስመር እንደሚቈጥር ተምረን ነበርና ከመሃል ለካን። የአስፋልቱ ስፋት 7 ሜትር፣ እኩሌታው 3.50 ነው። ስለዚህ ችካላችን ከአስፋልቱ ጠርዝ በ10 ሴንቲ ሜትር ላይ ቆመ። ሊቆም የታሰበው ግን ከመሃል መስመሩ በ7 ሜትር ከ10 ላይ ነበር።

በዚያ ሰዓት አንድ አዛውንት ባለጋሪ ደረሱና ፈረሳቸውን ገትተው፣ «ልጆቼ፣ ይህን እንጨት ለምን ከመንገዱ ላይ ተከላችሁት? ፈረሴስ ያየዋል፤ የጋሪዬ ጎማ ግን ዓይን የለውም» አሉን። አፍረን ነቀልነው።

ልብ እንድትሉልን የምንፈልገው ይህን ነው። ከሁለታችን ወገን በሒሳብ የተሳሳተ አልነበረም። ፕላኑም ልክ ነበር፤ ሜትሩም ልክ ነበር። የተሳሳተው በመካከላችን የነበረው ቃል ነው። አባቶቻችን «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ያሉት ለዳኛና ለሸማኔ ብቻ አለመሆኑን ያን ቀን ተረዳን።

እንግዲህ እነዚህ ቃላት ከየት መጡ ብለን ብንጠይቅ ታሪካቸው ረጅም ነው። ሾፌሮቻችን ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ጎማ የሚሉት ከጣሊያንኛ የተወሰደ ነው። ታፔላ የምንለውም እንደዚሁ። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም አሜሪካውያን መሐንዲሶች ስለ መጡ የንድፍ ክፍሉ ቋንቋ እንግሊዝኛ ሆነ። ኋላም አውቶካድ የተባለው የንድፍ ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በ1982 ወጥቶ በዓለም ሲሠራጭ፣ የራሱን ቃላት ይዞ በእርሳስና በማስመሪያ ቦታ ተተካ። የዛሬ ተማሪ ሌየር፣ ብሎክ፣ ስቴሽን፣ ኦፍሴት እያለ ይማራል። መንገድ ላይ የሚቆፍረውና ምሰሶ የሚተክለው ሠራተኛ ግን በኦሮምኛ ወይም በአማርኛ ነው የሚታዘዘው። ስለዚህ አንድ ታፔላ ከኮምፒዩተሩ ተነሥቶ መሬት እስኪደርስ ድረስ ቢያንስ አንድ ጊዜ ይተረጐማል። ከትርጓሜው ላይ የሚጠፋ ነገር ቢኖር የሚከፍለው መንገደኛ ነው።

የውጭ ቃል ስለ ሆነ ብቻ ይጣል የምንል አይደለንም። ፍሬን የውጭ ቃል ነው፤ ነገር ግን ሾፌር ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ያውቅበታል። ጉዳቱ ቃሉ ባዕድ መሆኑ ሳይሆን አንድ ቃል ሁለት ነገር ማለቱ ነው። ምሳሌዎቹን ከሥራችን እናቅርብ።

መጀመሪያ ስቴሽን የሚባለው ነው። በፕላን ላይ «12+350» ተብሎ ሲጻፍ ከመንገዱ መነሻ 12 ኪሎ ሜትር ከ350 ሜትር ማለት ነው። ከሮቤ እስከ ጎባ ያለው መንገድ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መነሻችን ሮቤ ከሆነ 12+350 ጎባ ልንገባ ጥቂት ሲቀረን ነው፤ መነሻችን ጎባ ከሆነ ደግሞ በሮቤ አጠገብ ነው። ቍጥሩ አንድ፣ ቦታው ሁለት። ቀኝና ግራም የሚለካው መነሻውን ጀርባ ሰጥቶ ወደ ፊት በሚመለከት ሰው ነው፤ መነሻው ሲለወጥ ቀኙ ግራ ይሆናል። አገራችን እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ በግራ ይነዳ እንደ ነበረና በዚያ ዓመት ወደ ቀኝ እንደ ተዛወረ ለምናስታውስ፣ ቀኝና ግራ ምን ያህል ስምምነት የሚያስፈልገው ነገር እንደ ሆነ ግልጽ ነው። እኛ ስቴሽንን «ርቀት ከመነሻ»፣ ኦፍሴትን «የጎን ርቀት» ብንለውና ከየት እንደ ተለካ አብረን ብንጽፍ መልካም ይመስለናል።

ሁለተኛው ብሎክ ነው። ይህ ቃል ለግንበኛ የሲሚንቶ ድንጋይ፣ ለኮንዶሚኒየም ነዋሪ የሕንፃው መለያ ነው። በንድፍ ሥራ ግን አንድ ጊዜ ተሥሎ ብዙ ቦታ የሚቀመጥ ሥዕል ነው፤ «ማኅተም» ብንለው ሥራው ከስሙ ይታወቃል። ማኅተም ደግሞ የራሱ ልክ አለው። ጎኑ 900 ሚሊ ሜትር የሆነ ባለሦስት ማዕዘን ማስጠንቀቂያ በሚሊ ሜትር ተሥሎ፣ መለኪያው ሳይገለጽ በሜትር ወደ ተሠራ የመንገድ ፕላን ቢገባ፣ ጎኑ 900 ሜትር ሆኖ ይቀመጣል። አንድ ጓደኛችን እንዲህ ያለውን ታፔላ በፕላኑ ላይ አቁሞ መንደሩን በሙሉ ሲያለብሰው ሁላችንም ስቀናል። ሥሕተቱ ይህን ያህል ሲገዝፍ በራሱ ይገለጣል፤ የሚያስፈራው ዓይን የማይይዘው ትንሹ ሥሕተት ነው።

ሦስተኛው ሌየር ነው። በእንጀራ ላይ እንጀራ እንደሚደረብ፣ በፕላን ላይም መንገዱ በአንድ፣ ቦዩ በሌላ፣ ምልክቶቹ በሦስተኛ «ንብርብር» ይሣላሉ። እዚህ ላይ ያስቸገረን እንግሊዝኛው ሳይሆን የገዛ አማርኛችን ነው። አንዱ «የቦዩን ሌየር አጥፋው» ሲል ለጊዜው አይታይ ማለቱ ነበር፤ የሰማው ግን ፈጽሞ ደመሰሰው። መብራትም ይጠፋል፣ ጽሑፍም ይጠፋልና። የግማሽ ቀን ሥራ በአንድ ቃል ሄደ። ከዚያ ወዲህ በቡድናችን ውስጥ ለጊዜው የሚከደነውን «ሰውረው»፣ የሚወገደውን «ሰርዘው» እንላለን።

አራተኛው ሌጀንድ ነው። የፕላን ሠሪው ሌጀንድ ሲል በወረቀቱ ጥግ ላይ ያለውን የምልክቶች መፍቻ ማለቱ ነው። የታፔላ ሠሪው ሌጀንድ ሲል ግን በላሜራው ላይ የሚጻፈውን ጽሑፍ ማለቱ ነው። ፊተኛውን «መፍቻ»፣ ሁለተኛውን «የታፔላ ጽሑፍ» ብንል ማንም አይሳሳትም።

አምስተኛውና ዋነኛው የፊደል ቁመት ነው። በንድፍ ሶፍትዌሩ የጽሑፍ ቁመት ተብሎ የሚሰጠው ቍጥር የላቲን ትልቁ ፊደል ቁመት ነው። የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። ስለዚህ ለሁለቱም ጽሑፎች አንድ ቍጥር ብንሰጥ በታፔላው ላይ አንዱ ከሌላው አንሶ ሊወጣ ይችላል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። እስከ ዛሬም ቢሆን ከሶፍትዌሩ ጋር በሚመጡት የመስመር ፊደላት አማርኛ የጻፈ ሰው የጥያቄ ምልክት ተደርድሮ ያገኛል።

መሐንዲሶች ለላቲን ፊደል የሚወስዱት ግምት ለ1 ሴንቲ ሜትር ቁመት ወደ 4 ሜትር ያህል የማንበቢያ ርቀት ነው። ቁመቱ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጽሑፍ ከ60 ሜትር ገደማ ይነበባል ማለት ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ይህ ከሦስት ሴኮንድ ተኩል ብዙም አያልፍም። የእኛ ፊደል ግን የሚለየው በትንንሽ ጭረትና ቀለበት ነው። «ጎባ» በባሌ ነው፤ «ጉባ» የአባይ ግድብ የተሠራበት ወረዳ ነው፤ ሁለቱን የምትለያቸው አንዲት ቅጥያ ናት። «ሮቤ» በግዕዝ ሁለት ፊደል ሲሆን በቁቤ ስድስት ፊደል ነው። ስለዚህ ለላቲን የተወሰነውን ልክ እንዳለ መቀበል፣ የላሜራውንም ስፋት በአንዱ ቋንቋ ብቻ መተመን አይገባንም። ኦሮምኛው፣ አማርኛውና እንግሊዝኛው በአንድ ታፔላ ላይ ሲሰፍሩ ሦስቱም ሊነበቡ ይገባል።

ይህ ሁሉ ለምን ያስጨንቃችኋል የሚለን ቢኖር፣ ከጎባ ተነሥቶ ወደ ሳነቴ ይውጣ። መንገዱ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በቱሉ ዲምቱ ሥር ያልፍና በሐረና ደን በኩል ወደ ደሎ መና ይወርዳል። የቱሉ ዲምቱ ከፍታ 4,377 ሜትር ነው። ጉም ሲወርድ ሾፌር ከመኪናው አፍንጫ አልፎ ብዙ አያይም፤ በዚያ ሰዓት ታፔላው ዓይኑ ነው። በዓለም ላይ ካሉት ቀይ ቀበሮዎች የሚበዙት በባሌ ተራሮች ይኖራሉ፤ መንገዱንም ያቋርጣሉ። በዲንሾ በኩል ደግሞ የደጋ አጋዘን አለ፤ በየስፍራው ከብትና እረኛ አለ። ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1968 በቪየና በተፈረመው የመንገድ ምልክቶች ስምምነት ላይ የዱር አራዊት ምልክት ሆና የምትታየው የምትዘል አጋዘን ናት። የቀይ ቀበሮን ማኅተም የሚሥል ሰው ከዚሁ ከእኛ መካከል እንጂ ከሌላ አይጠበቅም።

አንዳንድ ጓደኞች፣ «ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው፤ አዲስ ቃል መፍጠር ድካም ነው» ይሉናል። እውነት አላቸው፤ ከዓለም ጋር የምንነጋገርበትን ቋንቋ ልንተው አይገባም። ነገር ግን ፈተናውን የሚያርመው መምህር ነው፤ ታፔላውን የሚተክለው ሠራተኛ ነው፤ የሚያነበው ደግሞ መንገደኛ ነው። ለመምህሩ ብቻ የሚገባ ዕውቀት ግማሽ መንገድ ላይ የቀረ ዕውቀት ነው። አዲስም አይደለም፤ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ማዘጋጀቱ ይታወቃል። እኛ የቀጠልነው ከዚያ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ በንድፍ ክፍላችን ግድግዳ ላይ በእንግሊዝኛ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ የተጻፈ አንድ የቃላት ሠንጠረዥ ይሰቀል፤ ለአንድ ነገር አንድ ቃል ብቻ ይኑረው። የኦሮምኛውን ቃል የመንገድ ሠራተኞችን ጠይቀን እንጻፍ እንጂ ከወንበራችን ላይ አንፍጠር። ሁለተኛ፣ ማናቸውም ቍጥር መነሻውን ሳይዝ በፕላን ላይ አይጻፍ። «3.60» አይበቃም፤ «ከአስፋልት ጠርዝ 3.60» ይባል። ሦስተኛ፣ የታፔላ ጽሑፍ በሦስቱም ቋንቋ በትክክለኛ ቁመቱ በካርቶን ተጽፎ፣ በሜዳችን ላይ ከ60 ሜትር በዓይናችን ይፈተን። ለዚህ የሚያስፈልገው ካርቶን፣ ቀለምና አንድ ከሰዓት በኋላ ነው።

ያቀረብናቸው ቃላት ካልተስማሟችሁ የተሻለ ቃል አምጡልን፤ በደስታ እንቀበላለን። የእኛ ቃል ይጽና አንልም፤ አንድ ቃል ይጽና ነው የምንለው። ያን ቀይ ቀለም የተቀባውን ችካል በክፍላችን ጥግ አቁመነዋል። ሠንጠረዡ ተጽፎ የተሰቀለ ዕለት ከመሃል መስመሩ 7 ሜትር ከ10 ላይ፣ ከሚገባው ስፍራ፣ መልሰን እንተክለዋለን።